ወደ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በምን ይሻላል? የአውቶቡስ፣ የባቡርና የአውሮፕላን ንጽጽር

ከአዲስ አበባ ሐረማያ 510 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትኬት ሊቆርጥ የተነሣ ሰው የሚያወዳድረው እነዚህኑ 510 ኪሎ ሜትሮች ነው፤ በዚህኛው ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ በዚያኛው ስንት ብር ይጠየቃል እያለ። መንገደኛ የሚንገላታው ግን ብዙ ጊዜ በመጨረሻዎቹ 40 ኪሎ ሜትሮች ላይ ነው።

ነገሩ ከድሮ የመጣ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የፈረንሳዮች ባቡር መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው አላስወጣ ሲል ሐዲዱ በግርጌው አለፈ፤ ድሬዳዋም በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ በደረሰበት ሜዳ ላይ ተቆረቆረች። ዛሬም ቢሆን አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም አውሮፕላኑም ሰውን የሚያወርዱት እዚያው ግርጌ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ላይ ነው፣ 2,000 ሜትር አካባቢ። በመሃል ጠመዝማዛው የደንገጎ ዳገት አለ። በደጋው መጥቶ በሐረማያ በኩል የሚያልፈው የሐረሩ መኪና ብቻ ነው።

ስለዚህ እዚህ የምናወዳድረው ከቤት ደጃፍ እስከ ዶርም በር ያለውን ጉዞ በሙሉ ነው።

ትኬት ከመቁረጥ በፊት፦ የትኛው ግቢ?

“ሐረማያ ተመደብኩ” ማለት ሁልጊዜ ሐረማያ መሄድ ማለት አይደለም። ዋናው ግቢ ከሐረማያ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ባቴ ከምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጁ ግን ሐረር ከተማ ውስጥ ነው፤ እዚያ የተጠራ ተማሪ ዋናው ግቢ ቢወርድ ከነሻንጣው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ ሌላ ተቋም ነው። ድሮ የሐረማያ የጭሮ ግቢ የነበረውም ዛሬ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ጭሮ ደግሞ ሐረማያ ለመድረስ ከመቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር በላይ ሲቀር የምትገኝ ከተማ ናት። የጥሪ ማስታወቂያው ላይ ያለውን የግቢ ስም ሁለት ጊዜ ማንበብ አይከብድም፣ ያድናልም።

በዕድሜ የገፉ ሹፌሮችና የሠፈር ሰዎች “አለማያ” ወይም “አለማያ ኮሌጅ” ቢሉ አይደናገሩ። ያው ሐረማያ ነው።

በምን በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያውና ዋናው፣ *የት ያወርዳል፣ በስንት ሰዓት?* የሚለው ነው። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚሄደው ሚኒባስ ቀን ላይ አይቸግርም። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ግን እየሳሳ ይሄዳል፤ ከዚያ ያለው ምርጫ ኮንትራት መኪና ወይም አልጋ ይዞ ማደር ነው። ሁለቱም ከትኬቱ ላይ ቆጠብኩ ያሉትን ብር ይበሉታል።

ሁለተኛው *ጠቅላላ ወጪ* ነው። ትኬቱን ብቻ አይቁጠሩ። ከቤት እስከ መነሻ፣ ትኬት፣ የሻንጣ፣ የመንገድ ምግብ፣ ከመውረጃው እስከ ግቢ፣ ካደሩም አልጋ፤ እነዚህን ስድስት ነገሮች ወረቀት ላይ ደምሩ ብንል ማጋነን አይሆንም። ታሪፍ ከነዳጅ ጋር ስለሚለዋወጥ ከዚህ በታች ብሩን ሳይሆን ደረጃውን ነው ያስቀመጥነው።

ሦስተኛው *ሻንጣ*፣ አራተኛው *ቀኑን ማመን ይቻላል ወይ* የሚለው ነው፦ ምዝገባው ሰኞና ማክሰኞ ብቻ ከሆነ፣ እሑድ የማይነሣ መጓጓዣ ርካሽ ቢሆንም ዋጋ የለውም። አምስተኛው የመንገዱ ሰላምና ሁኔታ ነው። ይህን ከዋዜማው ቀን ዜናና ከትኬት ቢሮው መጠየቅ እንጂ ከወር በፊት መወሰን አይቻልም።

አገር አቋራጭ አውቶቡስ

መንገዱ እንዲህ ነው፦ አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ጭሮ፣ ሂርና፣ ጨለንቆ፣ ቁልቢ፣ ደንገጎ፣ ሐረማያ፣ አወዳይ፣ ሐረር። እስከ አዳማ የፍጥነት መንገድ ነው። ከአዳማ እስከ አዋሽ ወደ ጅቡቲ ከሚመላለሱት ከባድ መኪኖች ጋር እየተጋፉ ነው የሚሄዱት። አዋሽ ላይ እነሱ ወደ ገዋኔና ሚሌ ይታጠፋሉ፤ መንገዱ ቀለል ይላል። ከሚኤሶ በኋላ ደግሞ የሐረርጌ ደጋ ዳገትና ጥምዝ ይጀምራል። መኪና የሚያመው ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። ቁርስ ቀለል ያለ ይሁን፣ ወንበሩ ከመሃል ወደ ፊት ይሁን፤ ከኋላ ጎማው በስተኋላ ያለው ወንበር ጥምዙን እጥፍ ያደርገዋል።

አውቶቡሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ሰላም ባስ ያሉት ወንበር ቁጥር ያላቸው፣ ትኬታቸው ቀደም ብሎ የሚቆረጥ፣ ንጋት 11 ሰዓት ገደማ የሚነሡት ናቸው። ሌላው ከመናኸሪያ የሚነሣው ባለ ደረጃ አውቶቡስ ነው፤ ይረክሳል፣ ግን መንገድ ላይ ይቆማል፣ ወንበሩም ይጠባል። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሲታይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ቁጥር ያለውን ቢመርጥ ይሻለዋል። ምክንያቱ ምቾት አይደለም፤ የመነሻ ሰዓቱ ነው። ንጋት የተነሣ አውቶቡስ መንገድ ላይ ሁለት ሰዓት ቢቆይ እንኳን ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐረማያ ይገባል። ረፋድ ላይ የተነሣው ግን ጎማ ቢተኛበት ጨለማ ላይ ነው የሚጥለው።

ትኬት ሲቆርጡ “ሐረር” ይበሉ እንጂ “ድሬዳዋ” አይበሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ይህን ነው። የድሬዳዋ አውቶቡስ ደንገጎ ላይ ወደ ግራ ታጥፎ ቁልቁል ይወርዳል፤ ተሳፋሪውም ድሬ ድረስ ወርዶ ያንኑ ዳገት በሚኒባስ መልሶ ይወጣል። በስሕተት የድሬዳዋ ትኬት ከያዙ ደንገጎ መገንጠያው ላይ መውረድና የሐረር ሚኒባስ መያዝ ይቻላል፤ ቀን ከሆነና ሻንጣው አንድ ከሆነ።

ሲሳፈሩ ለረዳቱ “ሐረማያ ወራጅ ነኝ” ማለትም አይርሱ። አለበለዚያ ሻንጣዎ የሐረርና የጅጅጋ መንገደኞች ሻንጣ ሥር ይቀበራል፤ ሐረማያ ላይ ሁሉም ይራገፋል፣ ሁሉም ያጉረመርማል። ከሐረማያ ከተማ ወደ ግቢው ባጃጅ አለ።

ምን ይበላሻል? በክረምት ከሂርና እስከ ቁልቢ ጭጋግ ይወርድና ፍጥነቱን ይገድለዋል። የፍተሻ ኬላዎች ሰዓት ይወስዳሉ፤ መታወቂያ ኪስ ውስጥ እንጂ ከታች በገባው ሻንጣ ውስጥ መሆን የለበትም። አልፎ አልፎም በጸጥታ ምክንያት መንገዱ ለሰዓታት ወይም ለቀናት ይዘጋል። ከቤት እስከ ግቢ በር ከ11 እስከ 13 ሰዓት ያስቡ።

አባዱላ

በዚሁ መንገድ በሚኒባስ መሄድም አለ፤ ሰው “አባዱላ” የሚለው ማለት ነው። ከአውቶቡሱ ይፈጥናል፣ ሲሞላ ይነሣል፣ የፈለጉበት ያወርዳል። ችግሩም ፍጥነቱ ራሱ ነው። ጠመዝማዛ በሆነ፣ ከብትና ግመል በሚሻገርበት መንገድ ላይ የሚገኘው የአንድ ሁለት ሰዓት ትርፍ የሚመጣው ከሹፌሩ እግር ነው። ሌሊት የሚነሣውን በጭራሽ አንመክርም። ሻንጣም አይችልም፤ ከአንድ መካከለኛ ሻንጣ በላይ የያዘ ሰው የሁለት ሰው ሒሳብ ሊጠየቅ ይችላል።

ባቡር

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀመረ። ሐዲዱ ከ750 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ድሬዳዋ ከግማሹ አለፍ ብላ ናት። በሐሳብ ደረጃ ከሁሉም የተሻለ ነው፦ ጥምዝ የለም፣ እግር ማፍታታት ይቻላል፣ መጸዳጃ አለው፣ የመቀመጫው ክፍል ዋጋም ከአውሮፕላኑ ጋር አይወዳደርም። ሕፃን ለያዘች እናት፣ ወገቡን ለሚያመው አባት፣ መኪና ለሚያመው ተማሪ ጥሩ ምርጫ ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም በባቡር አይሄድም? ሦስት ነገር አለ።

አንደኛ፣ በየቀኑ አይነሣም፤ የተለመደው አንድ ቀን እየዘለለ ነው። የምዝገባ ቀንዎ ከባቡሩ ቀን ጋር ካልገጠመ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ ማደር አለብዎት።

ሁለተኛ፣ ጣቢያዎቹ ሩቅ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ መነሻው ፉሪ ለቡ ነው እንጂ ለገሃር አይደለም። ለገሃር የድሮው ጣቢያ ነው፤ የከተማው ቀላል ባቡርም ፉሪ ለቡ አይደርስም። ድሬዳዋ ላይም እንደዚሁ፦ ከከተማው መሃል ያለው ውቡ አሮጌ ጣቢያ የፈረንሳዮቹ ነው፤ አዲሱ ከከተማ ወጣ ብሎ በአሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው። ከጣቢያው ወጥቶ ከተማ ለመግባት ባጃጅ ወይም ታክሲ፣ ከዚያ ወደ ሐረር ሚኒባስ፣ ከዚያ ባቴ። ሻንጣው ሦስት ጊዜ ይወጣል፣ ሦስት ጊዜ ይወርዳል።

ሦስተኛ፣ መዘግየት። ሐዲዱ በግጦሽ መሬት መሃል ነው የሚያልፈው፤ ከብት ወይም ግመል ሲመታ፣ ኃይል ሲቋረጥ፣ ገመድ ሲሰረቅ ባቡሩ ሜዳ ላይ ይቆማል። ሁሉም ነገር ከሰመረ ከ7 እስከ 8 ሰዓት ይፈጃል። ጠዋት 2 ሰዓት ቢነሣ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ድሬዳዋ ይደርሳል፤ ያኔ ሐረማያ በብርሃን ይገባሉ። ሁለት ሰዓት ከዘገየ ግን ደንገጎን በጨለማ ነው የሚወጡት።

ደጃፍ ከደጃፍ ሲደመር፦ ወደ ፉሪ ለቡ 1 ሰዓት፣ ለፍተሻና ለትኬት ቁጥጥር 1 ሰዓት፣ ባቡር ላይ ከ7 እስከ 8፣ ከጣቢያ ወደ ከተማ 45 ደቂቃ፣ ሚኒባስ እስኪሞላና ባቴ እስኪደረስ 1 ሰዓት ተኩል። ጠቅላላው 12 ሰዓት ገደማ። ማለትም ከአውቶቡሱ አይፈጥንም። መድረሻው ድሬዳዋ ለሆነ ሰው ፍርዱ ሌላ ነው፤ ለእሱ ባቡሩ ከአውቶቡሱ ይሻላል።

ከጅቡቲ ለሚመጣ ሰው ግን ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ከናጋድ ጣቢያ ተነሥቶ ድሬዳዋ መውረድ ቀጥተኛው መንገድ ነው።

አውሮፕላን

በአየር ላይ የሚቆዩት 1 ሰዓት ያህል ነው። ድሬዳዋ አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ አውሮፕላን ማረፊያ ለከተማው ቅርብ ስለሆነ እንደ ባቡሩ ጣቢያ አያንገላታም። ቦሌ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘት፣ ሻንጣ መጠበቅና ወደ ግቢ መውጣት ሲደመር 6 ሰዓት ነው። የቀኑን በረራ የያዘ ሰው በብርሃን ይደርሳል፤ የማታውን የያዘ ግን ድሬዳዋ ማደር አለበት፤ ያተረፈውን ሰዓትም አልጋ ላይ ይጨርሰዋል። ለርካሽ ዋጋ ብሎ የማታ በረራ መቁረጥ እዚህ መንገድ ላይ ቁጠባ አይደለም።

የሻንጣው ክብደት ገደብ ትኬቱ ላይ አለ፤ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ በሶና ድርቆሽ የጫነ አዲስ ተማሪ በቀላሉ ያልፈዋል። በሶውን ቤት ይመዝኑት።

ከውጭ ለሚመጡ ዘመዶች ሁለት ነገር። ዓለም አቀፉን በረራና የድሬዳዋውን በአንድ ትኬት መቁረጥ ይሻላል፤ ለየብቻ ከተቆረጠ የአገር ውስጡ የሻንጣ ገደብ ነው የሚሠራው፣ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዞ ለመጣ ሰው ደግሞ ይህ ራስ ምታት ነው። ቦሌ ላይም ሻንጣው እስከ ድሬዳዋ ተለጥፎ እንደሆነ ወይስ እዚያው ወስደው መልሰው ማስረከብ እንዳለብዎት ሲነሡ ያረጋግጡ። በሁለቱ በረራዎች መሃል 3 ሰዓት ይኑር።

በአንድ እይታ

| | የሐረር አውቶቡስ | አባዱላ | ባቡር | አውሮፕላን |
|---|---|---|---|---|
| የት ያወርዳል | ሐረማያ ከተማ | ሐረማያ ከተማ | ከድሬዳዋ ከተማ ውጭ | ድሬዳዋ |
| የሚቀረው መንገድ | አጭር ባጃጅ | አጭር ባጃጅ | 50 ኪ.ሜ. ገደማ፣ ሦስት መሳፈሪያ | 45 ኪ.ሜ. ገደማ፣ ሁለት መሳፈሪያ |
| ከደጃፍ እስከ ደጃፍ | 11–13 ሰዓት | 9–11 ሰዓት | 12 ሰዓት ገደማ | 6 ሰዓት |
| ወጪ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ (በመቀመጫው) | ከፍተኛ |
| ብዙ ሻንጣ | ይችላል | አይችልም | ይችላል፣ ግን ተሸክሞ መመላለስ አለ | በኪሎ የተገደበ |
| በየቀኑ አለ? | አዎ | አዎ | የለም | አዎ |
| ዋናው ስጋት | የመንገድ መዘጋት፣ ጭጋግ | ፍጥነት | መዘግየት | የማታ በረራ |

ከድሬዳዋ ወደ ግቢ መውጣት

በአውሮፕላን ወይም በባቡር የመጣ ሰው የሚከተለውን ያድርግ። ባጃጅ ይዞ ወደ ሐረር የሚሄዱ ሚኒባሶች ተራ ይሂድ፤ “የሐረር መኪና መያዣ” ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ከመሳፈሩ በፊት ዋጋውን ከሌላ ተሳፋሪ ይጠይቅ፣ ከረዳቱ አይደለም። የሻንጣ ዋጋ ከመጫኑ በፊት ይቆረጥ፤ ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ መከራከር ዋጋ የለውም። ለረዳቱ “ዩኒቨርሲቲ” ወይም “ባቴ” ይበለው፤ “ሐረማያ” ብቻ ካለው ከተማዋ ላይ ሊያወርደው ይችላል። የት እንዳለ ካላወቀ ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ ይከታተል፣ ሲቃረብም “ወራጅ አለ!”

ሦስት አራት ሆነው ከመጡ ሒሳቡ ይለወጣል። ኮንትራት መኪና ለአራት ሲካፈል ለየብቻ ባጃጅና ሚኒባስ ከመክፈል ብዙም አይርቅም፤ መኪናውም ግቢ በር ድረስ ያደርሳል። አውሮፕላን ውስጥ አጠገብዎ የተቀመጠው ተማሪ መሰል ወጣት ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ አያሳፍርም። በቅበላ ቀናት ዩኒቨርሲቲዎች መናኸሪያ ድረስ አውቶቡስ ልከው አዲስ ተማሪ መቀበላቸውም የተለመደ ስለሆነ፣ የጥሪ ማስታወቂያውን መጨረሻ ድረስ ያንብቡት።

ድሬ ላይ ሹፌሩም ባለሱቁም “አንተ” ወይም “አንቺ” ብሎ ቢጠራዎት አይቀየሙ። የከተማው ወግ ነው፤ አንቱታ እዚያ እንደ ርቀት ይቆጠራል።

ልብስም አንድ ነገር እንበል። ድሬዳዋ ላይ በሙቀት ላብ ያጠምቃል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሐረማያ ላይ ማታው ይበርዳል። ሹራቡ ከታች ሳይሆን ከላይ ይታሰር።

ከደረሱ በኋላ

ግቢው ሰፊ ነው፤ ውስጡን በእግር ነው የሚሄዱት። ባቴ ከበሩ አጠገብ ስለሆነች ለፎቶ ኮፒ፣ ለምግብ፣ ለስልክ ካርድ መጓጓዣ አያስፈልግም። ለሌላው ሁሉ ምርጫው ሁለት ነው፦ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ።

ባጃጅ “በሰው” ሲሆን ይረክሳል፣ “ኮንትራት” ሲሆን የሙሉ ወንበሩን ሒሳብ ይከፍላሉ። የሚያጣላው ሳይነጋገሩ መግባት ነው፤ ብቻዎን ሲቀመጡና ሹፌሩ ሌላ ሰው ሳይጠብቅ ሲነሣ ኮንትራት ሆኗል ማለት ነው። ለአጭር መንገድ ባጃጅ፣ ለሐረርና ለድሬ ሚኒባስ። ባጃጅ ይዞ ደንገጎን መውረድ አይታሰብም።

ሐረር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ መንገድ ላይ አወዳይ አለች። አወዳይ ትልቁ የጫት ገበያ ያለባት ስለሆነች ገበያው በደራበት ሰዓት መኪና እንደ ቀንድ አውጣ ነው የሚሄደው፤ ቀጠሮ ያለው ሰው ተጨማሪ 20 ደቂቃ ይያዝ። ሐረር ከገቡ በኋላ በጀጎል ግንብ ውስጥ መኪና ብዙም አይጠቅምም፣ በእግር ነው። ከግንቡ ውጭ ባጃጅ አለ፤ ሰማያዊዎቹ አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲዎችም ካጋጠሙ አንድ ጊዜ መሳፈር ነው፣ ፍጥነት ፈልጎ ባይሆንም።

ለጉብኝት ወይም ለምረቃ የመጣ ቤተሰብ የት ይደር? ባቴና ሐረማያ ላይ ማደሪያ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ግን በምረቃ ሰሞን ቀድሞ ይሞላል። ሐረር አየሩም ተስማሚ ነው፣ የሚታይ ነገርም አለው፣ ለግቢውም ቅርብ ነው፤ ለአብዛኛው ቤተሰብ የምንመክረው እሱን ነው። ድሬዳዋ ሆቴል ይበዛል፤ ግን ምረቃው ጠዋት ከሆነ ንጋት ላይ ተነሥቶ ዳገት መውጣት አለ። በማግስቱ በጠዋት በረራ የሚመለስ ሰው የመጨረሻዋን ሌሊት ብቻ ድሬ ይደር።

ሰዓትና ቀን ላይ ያሉ ወጥመዶች

የአውሮፕላንና የባቡር ትኬት የሚታተመው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 08:00 ማለት ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ 14:00 ማለት ከቀኑ 8 ሰዓት። የአውቶቡስ ትኬት ላይ “11:00” ካለ ግን ብዙ ጊዜ ንጋት 11 ነው። ትኬት ሻጩን “በእኛ ነው በፈረንጅ?” ብሎ መጠየቅ ይገባል። ቀኑም እንደዚሁ፦ የዩኒቨርሲቲው ጥሪ በእኛ አቆጣጠር፣ የበረራው ትኬት በፈረንጅ ነው። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ተሳስቶ የቆረጠ ሰው ጥቂት አይደለም።

ሌላው ቁልቢ ገብርኤል ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከመላው አገሪቱና ከውጭም ሰው ወደዚህ መንገድ ይጎርፋል፤ በተለይ የታኅሣሡ። አውሮፕላኑም አውቶቡሱም የድሬዳዋና የሐረር አልጋም ይሞላል፣ በቁልቢ በኩል ያለው መንገድም ይጨናነቃል። ከንግሡ በፊትና በኋላ ያሉትን ሦስት አራት ቀናት መዝለል ካልቻሉ ትኬቱን ከሳምንታት በፊት ይቁረጡ። ባቡሩ ከተራራው ሥር ስለሚሄድ መጨናነቁ አይነካውም፤ የመጨረሻዋ 40 ኪሎ ሜትር ግን እዚህም አለች።

ለማን የቱ?

*አዲስ ተማሪ፣ ሁለት ሻንጣ፣ ውስን ብር፦* ንጋት የሚነሣ፣ ወንበር ቁጥር ያለው የሐረር አውቶቡስ። ከምዝገባው አንድ ቀን ቀድሞ።

*የጤና ተማሪ፣ ሐረር ግቢ፦* ያው አውቶቡስ፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ። ለእሱ ነገሩ ከሁሉም ይቀላል።

*ልጃቸውን ሊያደርሱ የመጡ ወላጆች፦* ሲሄዱ በአውቶቡስ ከልጁ ጋር፣ ሲመለሱ ሻንጣ ስለሌለ በአውሮፕላን ወይም ቀኑ ከገጠመ በባቡር። ደርሶ መልሱን በአንድ ዓይነት መጓጓዣ ማድረግ ግዴታ አይደለም።

*ለሦስት ቀን የመጣ ተመራማሪ ወይም እንግዳ መምህር፦* የጠዋት በረራ፣ ከድሬዳዋ ኮንትራት መኪና። ዩኒቨርሲቲው የጋበዘው ከሆነ መኪና እንዲልክለት አስቀድሞ ይጠይቅ።

*መኪና የሚያመው ወይም የታመመ ሰው፦* ባቡር፣ ድሬዳዋ አንድ ሌሊት፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ላይ። ቀስ ያለ ነው፣ ግን ሰውየው ደኅና ይደርሳል።

*ከጅጅጋ ወይም ከሐርጌሳ የሚመጣ፦* አዲስ አበባንም ድሬዳዋንም አይነካም። በቶጎጫሌና በጅጅጋ ሐረር ይገባል፣ ከሐረር ሚኒባስ ይይዛል።

*ድሬ ወይም ሐረር እየኖረ ግቢ የሚሠራ፦* የሠራተኛ ሰርቪስ ካለው እሱን። ከሌለው ሐረር መኖር በየቀኑ አንድ ሰዓት ያተርፋል፤ ደንገጎን ጠዋትና ማታ መመላለስ መኪናንም ሰውንም ይጨርሳል።

መመለሻው

ከሐረር ወደ አዲስ አበባ የሚነሣው አውቶቡስም ንጋት ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት ከባቴ ሐረር የሚያደርስ ሚኒባስ የለም። ሦስት መንገድ አለ፦ ዋዜማውን ሐረር ማደር፤ ከጓደኞች ጋር ተዋጥቶ ባጃጅ በኮንትራት ማታውኑ መቅጠር፤ ወይም ትኬት ሲቆረጥ “ከሐረማያ ነው የምሳፈረው” ብሎ አስመዝግቦ የሹፌሩን ወይም የረዳቱን ስልክ ይዞ አስፋልቱ ላይ መጠበቅ። ሦስተኛው ርካሹ ነው፤ ግን አስቀድሞ ያልተነገረው አውቶቡስ አይቆምም፣ ወንበሩንም ለሌላ ይሸጠዋል።

ሻንጣ ውስጥ ያለውም ይታሰብበት። ከምሥራቅ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ፍተሻው ከሲሄዱበት ይጠብቃል፤ አዋሽ ላይ የጉምሩክ ኬላ አለ። ከድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የተገዛ አንድ ጫማና አንድ ሸሚዝ ማንንም አያስቆጣም። ከነማሸጊያው ያለ አዲስ ስልክ፣ አምስት ተመሳሳይ ሱሪ፣ ብዙ ሽቶ ግን ለንግድ የመጣ ይመስላል፤ ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ሊወረስ ይችላል፣ ክርክሩም አውቶቡሱን ሙሉ ያቆማል። ደረሰኝ ይቀበሉ፣ ኪስ ውስጥ ያኑሩት። የማያውቁት ሰው “ይችን ዕቃ አዲስ አበባ አድርስልኝ” ቢል ደግሞ፣ ጓደኛ ነኝ ቢልም፣ ሳይከፍቱ አይቀበሉ።